ከሼፊልድ ወደ ሼፊልድ፦ የኮሮኮንች ዙር ሥራ ማስታወሻ

ጃንዋሪ፦ ካርታ ላይ

ዕቅዱ ይሄ ነው። ከሼፊልድ ከቤት ደጃፍ ተነስቶ፣ ከከተማው ጎን ያለውን ተራራማ አገር፣ ፒክ ዲስትሪክትን፣ በኮሮኮንች ዞሮ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ቤት የሚያደርስ የብስክሌት መስመር መሥራት። ከ110 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ መኪና የሚበዛበትን አስፋልት በተቻለ መጠን የሚሸሽ። ሜይ ላይ አብረውኝ የሚወጡት እዚህ ያሉ የሀገር ልጆች ናቸው። አብዛኞቹ ሳይክል የሚያውቁት ለሥራ መመላለሻ ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ተከራይተው ነው የሚመጡት። ስለዚህ መስመሩ የሚለካው በእነሱ ጉልበት ነው።

ሁለት ካርታ ገዛሁ፤ የኦርድናንስ ሰርቬይ (የአገሩ የካርታ ድርጅት) ኤክስፕሎረር፣ 1:25,000። ኦኤል 1 ሰሜኑን፣ ማለትም ዳርክ ፒክን ይዟል። ኦኤል 24 ደቡቡን፣ ዋይት ፒክን። ስልክ ላይም ይገኛል፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ሌላ ነገር ነው። ሸለቆው የት እንደሚዘጋ፣ የከፍታ መስመሮቹ የት እንደሚጨናነቁ በአንድ እይታ ይገባል።

ከሁሉ በፊት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ መንገድ ካርታ ላይ ስላለ ብቻ በሳይክል አይኬድበትም። ፉትፓዝ ለእግረኛ ነው፤ በሳይክል የመሄድ መብት የለህም። ብራይድልዌይ ድሮ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ብቻ ነበር፣ ከ1968ቱ የገጠር አዋጅ ወዲህ ብስክሌትም ተፈቅዶበታል፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ መስጠት ግን ግዴታ ነው። ከእነሱ ሌላ ሬስትሪክትድ ባይዌይ አለ፣ ለሁሉም ተሽከርካሪ ክፍት የሆነው ባይዌይም አለ፣ ሁለቱም ለሳይክል ይሆናሉ። ሜዳው ላይ በምልክቱ ቀስት ቀለም ትለያቸዋለህ፦ ቢጫ የእግረኛ፣ ሰማያዊ የፈረስና የሳይክል፣ ወይን ጠጅ ሬስትሪክትድ ባይዌይ፣ ቀይ ለሁሉም ክፍት። ኤክስፕሎረር ላይ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው። አጭር ሰረዝ ፉትፓዝ፣ ረጅም ሰረዝ ብራይድልዌይ። ማታ ማታ ዓይን ያምታታል፤ ረጃጅሞቹን አንድ በአንድ እየለቀምኩ በሃይላይተር ቀለም ቀባኋቸው።

የመጀመሪያውን መስመር ያወጣሁት ግን ከአንድ አፕ ነው፣ «ግራቭል» (ኮሮኮንች) የሚለውን መርጬ። ከወረቀቱ ካርታ ጋር ሳስተያየው ደጋግሞ በፉትፓዝ ላይ ነድቶታል። ሰዎች ያለፉበትን ዱካ አይቶ መንገድ ነው ይላል፤ የማለፍ መብት መኖሩን አያይም። ለብቻህ ስትሆን ወርደህ ትገፋለህ። ቡድን ይዘህ በሰው እርሻ መሃል ስትቆም ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ በተለይ እንግዳ ፊት ይዘን ለምንሄድ ሰዎች። መስመሩ ከጥግ እስከ ጥግ ሕጋዊ እንዲሆን የፈለግኩት ለዚህ ነው። ገበሬው ቢጠይቀን ካርታውን አውጥተን በጣት ማሳየት መቻል አለብን።

ስለዚህ ስፕሬድሺት ከፈትኩ። ለእያንዳንዱ የመንገድ ቁራጭ አራት ነገር፦ መብቱ፣ መሬቱ ምን እንደሆነ፣ ዳገቱ በመቶኛ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን። የመጨረሻው ባዶ ነው። እሱን ካርታም አፕም አይሞላልህም፣ ሄዶ ማየት ነው።

ፌብሩዋሪ፦ ብስክሌቱ

ሳይክሉን በ650 ፓውንድ ሰከንድ ሃንድ ነው የገዛሁት፣ ከዚህ ሥራ በፊት። ፍሬሙ ጤነኛ ነው። ማርሹ ግን ለዚህ አገር አይሆንም። ፊት አንድ ባለ 42 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 42። ይህ ማለት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞራል፣ ወደ 2.2 ሜትር ትሄዳለህ። በደቂቃ 60 ጊዜ ብትረግጥ በሰዓት ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ሜዳ ላይ ይሄ ምንም አይደለም። 15 በመቶ ዳገት ላይ ሻንጣ ይዘህ 8 ኪሎ ሜትር መያዝ ግን አብዛኛው ሰው አይችልም፤ እግር ይዘገያል፣ ጉልበት ያማል፣ ከዚያ መውረድ ነው።

የኋላውን ላሳድግ ብዬ አየሁ። የኔ የሺማኖ ጂአርኤክስ ማርሽ ቀያሪ ከ42 ጥርስ በላይ እንዲይዝ አልተሠራም። የፊቱን ወደ 36 ማውረድ ይቀላል። አሁን በዚያው 60 ዙር በሰዓት 6.8 ኪሎ ሜትር ሆነ። የሚያጎድለው የላይኛውን ፍጥነት ነው፣ በ36 እና በ11 ጥርስ በደቂቃ 90 እየረገጥክ ወደ 39 ኪሎ ሜትር ትደርሳለህ፣ ከዚያ በላይ እግርህ ባዶ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ማን ይረግጣል? ለእኛ ይበቃል።

ዕቃው ሲመጣ ባለ አምስት ብሎን ሆኖ ተገኘ፤ የኔ ክራንክ ባለ አራት ነው። ያዘዝኩት ትክክለኛውን ነበር፣ ሻጩ ነው ሌላ የላከው። መልሶ መላክና መጠበቅ ሳምንት በላ። የፊት ጥርስ ስታዝዙ የብሎኑን ቁጥርና በብሎኖቹ መሃል ያለውን ርቀት ሁለቱንም ለሻጩ ጻፉለት። ጥርሱ ስላነሰ ሰንሰለቱም ሁለት ዓይን አጠረ።

ጎማው 43 ሚሊ ሜትር ቲዩብለስ ሆነ፣ ካላማዳሪ የሌለው ማለት ነው። ካላማዳሪ ከነበረ እንዳይፈነዳ አየሩን ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መሃል ሲጨፈለቅ ካላማዳሪውን ሁለት ቦታ ይበሳዋል። አየሩ ሲበዛ ደግሞ ሳይክሉ ድንጋይ ላይ ይዘላል። ቲዩብለስ ከሆነ ፊት 30፣ ኋላ 34 ፒኤስአይ ላይ እነዳለሁ፣ ክብደቴ 75 ኪሎ ነው። ጎማውን ቸርኬው ላይ ማስያዙ ግን ጣጣ አለው። በተራ ፓምፕ እምቢ አለ። የቫልቩን የውስጥ መርፌ ፈትቼ አውጥቼ፣ የጎማውን ጠርዝ በሳሙና ውሃ ቀብቼ፣ ኮምፕረሰር ካለው ጓደኛ ዘንድ ወስጄ በአንድ ጊዜ ብዙ አየር ሲገባበት ጧ ጧ ብሎ ገባ። ከዚያ ሴላንት፣ ቀዳዳ የሚደፍነው ፈሳሽ፣ በእያንዳንዱ ጎማ 100 ሚሊ ገደማ። ሴላንቱ በወራት ውስጥ ይደርቃል፣ ሜይ ከመድረሱ በፊት መታየት አለበት።

ማርች፦ ሃውንድከርክና ኩምብስ ዴል

ዙሩን በሰዓት አቅጣጫ አደረግኩት፣ በደቡብ ወጥቶ በሰሜን የሚመለስ። ምክንያቱ ንፋሱ ነው። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ነው የሚነፍሰው። ሁለተኛው ቀን ደክሞን ወደ ምሥራቅ ስንመለስ ከጀርባ ይግፋን።

መውጫው ሪንጊንግሎ ነው። ከከተማው መሃል እስከዚያ ከ200 ሜትር በላይ መውጣት አለ፣ ሁሉም አስፋልት። ይህን መቀየር አይቻልም፣ ሼፊልድ ያለችው ሥር ላይ ነው። ከሪንጊንግሎ በኋላ ሃውንድከርክ ሮድ ይጀምራል። የድሮ መንገድ ነው፣ ዛሬ ባይዌይ ሆኗል፣ ሄዘር በሚባለው ቁጥቋጦ መሃል ቀጥ ብሎ እስከ ፎክስ ሃውስ ይሄዳል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም። ሰፊ ነው፣ ዳገቱ ለስላሳ ነው፣ ርቆ ይታያል።

መሬቱ ግሪትስቶን ነው፣ ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ። ረጥቦም ጎማ ይይዛል። ፍሬን ግን ይበላል። ዝናብ ሲቀላቀልበት ያ አሸዋ ዲስኩና ሸራው መሃል እየገባ ይሞርደዋል። አዲስ የሬዚን የፍሬን ሸራ አስገብቼ በዝናብ ወጣሁ፣ ማታ ሳየው ብረቱ ሊነካ ደርሷል። ወደ ሲንተርድ ቀየርኩ፣ የብረት ዱቄት የተጨመቀበት ማለት ነው። ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ይቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ዲስክ ለሬዚን ብቻ ነው የተሠራው።

ከፎክስ ሃውስ በሎንግሾ አጠገብ ወደ ግሪንድልፎርድ፣ ከዚያ በፍሮጋት ወደ ካልቨር። ይህ አስፋልት ነው። ከካልቨር ወደ ሃሶፕ የሚሄደው ዋና መንገድ አጭር ነበር፣ ግን መኪና ትከሻህን ገፍቶ ያልፋል። አወጣሁት። በምትኩ ኩምብስ ዴል በሚባለው ደረቅ ሸለቆ ወደ ብላክ ሃሪ ጌት መውጣት ይቻላል። ብላክ ሃሪ እዚህ አካባቢ በአፈ ታሪክ የሚነሳ የመንገድ ሽፍታ ነው። ከጌቱ ሎንግስቶን ኤጅን አቋርጦ ወደ ግሬት ሎንግስቶን መውረድ።

እዚህ መሬቱ ይለወጣል። ከግሪትስቶን ወጥተህ ኖራ ድንጋይ ላይ ገባህ፤ ዋይት ፒክ የተባለውም በእሱ ነው። ሲደርቅ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ፈጣን ነው። ሲረጥብ፣ በተለይ ሰኮናና ጫማ ባለሰለሰው ቦታ፣ ፍሬን ያዝክ አልያዝክ ትንሸራተታለህ። ኩምብስ ዴል ላይ ውሃ ያቆሩ ጉድጓዶች አሉ፣ ጥልቀታቸው አይታወቅም። በጠርዙ ለማለፍ ስሞክር የፊት ጎማው ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶ ክርኔን ላጠኝ። ስፕሬድሺቱ ላይ አራተኛውን ዓምድ ሞላሁ፦ «ከሁለት ቀን ዝናብ በኋላ ቡድን አይወሰድበትም»። በዝናብ የሚሆን ሌላ መውጫ ያስፈልጋል።

ማርች መጨረሻ፦ ሞንሳል ትሬይል

የዙሩ እረፍት ይህ ነው። የድሮው የማንቸስተርና የለንደን ባቡር መስመር እዚህ ያልፍ ነበር፣ በ1968 ተዘጋ። ሐዲዱ ተነስቶ ዛሬ 8.5 ማይል የሆነ የእግርና የሳይክል መንገድ ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሜዳ ማለት ይቻላል፤ በዚህ ሁሉ ተራራ መሃል ይህን ማግኘት ፀጋ ነው። ሄድስቶን ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ታች ዋይ ወንዝን ማየት ብቻውን ጉዞውን ያስወጣል። ዋሻዎቹ ለብዙ ዓመት ተዘግተው ቆይተው በሜይ 2011 ተከፈቱ። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው ወደ 400 ሜትር ይሆናሉ። ቀን ቀን መብራት አላቸው፣ ሲመሽ ይጠፋል። ስለዚህ ሁሉም ሰው የፊት መብራት ይያዝ፣ ማንም ሳይቀር። ውስጡም ይቀዘቅዛል፤ ላብ ይዞህ ከገባህ ጃኬት ልበስ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ግን ሕፃን፣ ውሻ፣ ጋሪ ሁሉ አለ። ደወል ያስፈልጋል። የጠዋቱን መነሻ ወደ አንድ ሰዓት ያመጣሁት ይህን ለማለፍ ነው፣ ቅዳሜም ቢሆን።

ብላክዌል ሚል ላይ ምቾቱ ያልቃል። ፔናይን ብራይድልዌይ ከሸለቆው ወደ ሞዝሊ ፋርም የሚወጣው በዚግዛግ ነው። 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አገር አቀፍ መንገድ ነው፣ ከሚድልተን ቶፕ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ፤ እኛ የምንወስደው እስከ ፒክ ፎረስት ያለውን ቁራጭ ብቻ ነው። ዚግዛጉን በ36 ጥርስም ሙሉውን መንዳት አልተቻለም። ችግሩ ልቅ ድንጋዩ ነው፤ ቆመህ ስትረግጥ የኋላ ጎማ ይከዳል፣ ተቀምጠህ ስትረግጥ የፊቱ ይነሳል። ሌላ መውጫ ፈለግኩ። በአስፋልት መዞሩ ርዝመት ይጨምራል፣ በዋናው መንገድ በኤ6 መሄድን ደግሞ በፍጹም አልፈልግም። ስለዚህ ዚግዛጉ ይቆያል፣ ፕላኑ ላይ «ግፊያ» ተብሎ ተጻፈ። ሰው አስቀድሞ ካወቀው አይከፋውም፤ ሳያውቀው ሲመጣበት ነው ወኔው የሚሰበረው።

ኤፕሪል፦ ሰሜኑ

ከፒክ ፎረስት በኦልድ ዳም በኩል ወደ ዲርትሎ ሬክ። የድሮ የእርሳስ ማዕድን ቁፋሮ መስመር ነው፣ አፈሩ እስከ ዛሬ ጉብ ጉብ እንዳለ ነው። መንገዱ ራሱ ጥሩ ጠጠር ነው፣ ከመንገዱ መውጣት ግን አይገባም፣ አሮጌ ጉድጓዶች አሉበት። ፊት ለፊት ሆፕ ሸለቆ፣ ባሻገር ማም ቶር፣ ከኋላው የኪንደር ስካውት ጀርባ። በ1932 ኪንደር ላይ ሠራተኞች ተሰብስበው የተከለከለውን ተራራ ወጡ፣ አምስቱ ታሰሩ። በ1951 ፒክ ዲስትሪክት የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እኔ ዛሬ ካርታ ላይ የማቀልመው መብት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ ይህን ለልጆቹ እዚያው ቆሜ እነግራቸዋለሁ።

ከዚያ በፒንዴል መውረድ ነው። ቁልቁለቱ አስፋልት ነው፣ ግን በጣም ይቆማል፣ ማጠፊያው ላይ ጠጠር ተበትኗል። ጀማሪ ያለበት ቡድን ወርዶ ቢገፋው እመርጣለሁ። ማደሪያው ካስልተን ነው።

የምግቡ ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ሙከራው ዐቢይ ጾም ላይ ነው የወደቀው። የገጠሩ ካፌ ኬኩ ቅቤ፣ ስኮኑ ክሬም፣ ሾርባው ወተት ነው። ቶስት በባቄላ ያለ ቅቤ ብትላቸው ይሠሩልሃል፣ ቺፕስም አለ፣ ግን ካፌው በሦስት ሰዓት ተኩል ይከፍታል፣ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ በሶ ይዤ ወጣሁ። በሶውን በጠርሙስ በጥብጬ፣ ትንሽ ስኳርና ጨው ጨምሬ። ሱቅ ከሚሸጠው ጄል ይልቅ ይሄ ሆዴን ያዘው፣ ዋጋውም አይወዳደርም። ወፈር ካለ የጠርሙሱን አፍ ይዘጋል፣ አቅጥኑት። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ለኪስ የተፈጠረ ነው።

ሁለተኛው ቀን ቀለል ይላል። ከሆፕ ወደ ቶርንሂል ትሬይል፣ ግድቦቹ ሲሠሩ ዕቃ ያመላልስ የነበረ ባቡር መስመር ነው፣ ሌዲባወር ግድብ አጠገብ ያደርሳል። የሌዲባወር ውሃ አሾፕተንና ደርወንት የሚባሉ ሁለት መንደሮችን አስምጧል። በምሥራቁ ዳር ወደ ደርወንትና ሃውደን ግድቦች የሚወስደው መንገድ በዛፍ ሥር ነው፣ ጠጠሩ የተደላደለ ነው። ሁሉም ሰው የሚወደው ይህን ነው ብዬ እገምታለሁ። መጨረሻው ስሊፐሪ ስቶንስ ነው። እዚያ ያለው የድንጋይ ድልድይ ከሰመጠው ደርወንት መንደር ተነቅሎ፣ ድንጋይ በድንጋይ መጥቶ እንደገና የተተከለ ነው። ከዚያ ወዲያ ከት ጌት አለ፣ ያ የማውንቴን ባይክ አገር ነው፣ እኛ እንመለሳለን።

የመጨረሻው ዳገት ስታኔጅ ነው። ከዴኒስ ኖል ሎንግ ኮዝዌይን ይዞ ወደ ላይ። የድሮ የጋማ ከብት መንገድ ነው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቦታ አለ። ሻካራ ነው፣ ግን ግሪትስቶን ስለሆነ ረጥቦም ይወጣል። ስታኔጅ ፖል 438 ሜትር ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ሬድማየርስ ግድቦች፣ ከዚያ እስከ ቤት ቁልቁለት ነው።

ሜይ መጀመሪያ፦ ከሰው ጋር መሞከር

ታክሲ የሚነዳ ታላቅ ወንድማችንን ይዤ የመጀመሪያውን ቀን ሞከርን። ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል፣ ሳይክሉ ኪራይ ነው። የመስመሩ ትክክለኛ መለኪያ እሱ ነበር። ሃውንድከርክን ወደደው። ከግሬት ሎንግስቶን በላይ ሰማያዊው ቀስት በእርሻ ግቢ መሃል ሲያሳልፈን ቆም አለ።

«አንተ ልጅ፣ የሰው ግቢ ውስጥ እኮ ነው የገባነው። ይሄ ነገር ይሻላል?»

«ሕጋዊ ነው ጋሼ፣ ቀስቱን እየው። በሩን እንዳገኘነው አድርገን ማለፍ ብቻ ነው።»

የተዘጋ በር ይዘጋል፣ የተከፈተ ይተዋል። የበግ ግልገል ጊዜ ስለነበረ በዝግታ አለፍን። ገበሬው እጁን አነሳልን። ከዚያ በኋላ ጋሼ በየበሩ ቀድሞ ወርዶ ከፋች እሱ ሆነ።

ዚግዛጉ ላይ የሱን ሳይክል እየተቀባበልን ገፋን። ኪራዩ ከበድ ያለ ነው፣ ጎማውም ሰፊ አይደለም። ዲርትሎ ሬክ ሳንደርስ ጉልበቱ አለቀ፣ ከፒክ ፎረስት በአስፋልት ወደ ካስልተን ወረድን። ይህ ጥሩ መረጃ ሰጠኝ። መስመሩን ከፍዬ ሦስት ቦታ ላይ ማቋረጫ አበጀሁ። አንደኛው ሞንሳል ትሬይል ላይ ቤክዌል፣ አውቶቡስ አለ። ሁለተኛው ፒክ ፎረስት፣ በአስፋልት ወደ ማደሪያው። ሦስተኛው ባምፎርድ ጣቢያ፣ ከሌዲባወር ዝቅ ብሎ፣ ባቡሩ ሼፊልድ ያደርሳል። ባቡሩ ለሳይክል ያለው ቦታ ግን ትንሽ ነው፣ ቡድኑ በሙሉ አንድ ላይ አይገባም። የደከሙት ሁለቱ ይሄዳሉ፣ ሌላው ይነዳል።

የእረፍት ቦታም ቀየርኩ። ግሬት ሎንግስቶን ላይ የነበረውን ትቼ ከዚግዛጉ በፊት ብላክዌል ሚል ላይ አደረግኩት፣ ጠግቦና አርፎ እንዲገፋ።

ወጪ እስካሁን

ጎማ ጥንድ 84፣ ሴላንት 14፣ ቴፕና ቫልቭ 22፣ የፊት ጥርስ 38፣ ሲንተርድ ሸራ ለፊትና ለኋላ 30፣ ሁለቱ ካርታ 30። ድምሩ 218 ፓውንድ። ከዚህ ውስጥ ሰው መቅዳት አለበት የምለው ጎማውንና ሸራውን ነው። የፊት ጥርሱ እንደ ጉልበታችሁ ነው። ካርታው በቡድን አንድ ይበቃል።

የቀረ ሥራ

ለኩምብስ ዴል የዝናብ ምትክ እስካሁን አልወሰንኩም። አንዱ አማራጭ ከስቶኒ ሚድልተን በኩል ወደ ብላክ ሃሪ ጌት መውጣት ነው፣ ካርታው ላይ ብራይድልዌይ ይላል፣ መሬቱን ግን ገና አልረገጥኩትም። ቀጣዩ እሁድ ዘንቦ ካደረ እሱን አያለሁ፤ ደረቅ ከሆነ መሄዱ አይጠቅምም። ሴላንቱን መለካት፣ ለኪራይ ሳይክሎቹ ትርፍ ካላማዳሪ መያዝ፣ የጂፒኤክስ ፋይሉን (መስመሩን ስልክ ላይ የሚያሳየውን) ከነማቋረጫዎቹ በአራት ቆርጦ ለሁሉም መላክ። ዳርክ ፒክ ላይ ኔትዎርክ ስለሚጠፋ ፋይሉን ከቤት ዳውንሎድ ሳያደርግ የሚወጣ ሰው እንዳይኖር ማታ ለእያንዳንዱ እደውላለሁ።